የመስቀለኛ መንገድ አበባ

ያን ዕለት ፉጂ ተራራ አልነበረም። ማለታችን ደመና ውጦት ነበር። 3,776 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ እንዴት ይጠፋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እንጦጦ በሐምሌ ጧት የት እንደሚገባ ያስታውስ። ቶኪዮ ከሺንጁኩ ተነሥተን ሁለት ሰዓት ያህል በአውቶቡስ ተጉዘን ካዋጉቺ ሐይቅ ዳር ስንወርድ የጠበቀን ነፋስና ካፊያ ብቻ ነው። አራት ነበርን፤ አራታችንም ለአጭር የትምህርት ጉብኝት የሄድን ተማሪዎች፣ በኪሳችን ከመመለሻ ትኬትና ከአንድ ሳሕን ሩዝ ሒሳብ የማያልፍ ገንዘብ የያዝን።

የመጽሔታችን አዘጋጆች «የጉዞ ማስታወሻ ሰልችቶናል፣ ታሪክ ጻፉ» ስላሉን ስለ ካፊያው እዚህ ላይ እናቆማለን። ታሪኩ የአንድ ጨርቅ ታሪክ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።

የሄድንበት ቦታ ኢቺኩ ኩቦታ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይባላል። የተከፈተው በ1994 ሲሆን በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከፉጂ ትይዩ በሆነ ዳገት ላይ ጫካ ውስጥ ተሰግስጎ ይገኛል። ከመካከላችን አንዱ «ጨርቅ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?» እያለ ሲያጉረመርም ነው ዳገቱን የወጣው። ማን እንደ ሆነ አንናገርም፤ ኋላ አዳራሹ ውስጥ ከሁላችን በፊት አፉን ከፍቶ የቀረው እሱ ነው። በሩ ከሕንድ የመጡ የተቀረጹ አሮጌ ሳንቃዎች የተገጠሙበት ነው። ከበሩ ወዲያ መንገዱ በኩሬና በፏፏቴ መካከል ይጠማዘዛል። ጊዜው ኅዳር ስለ ነበር ጃፓኖች ሞሚጂ የሚሉት ዛፍ ቅጠሉ ደም መስሏል። ይህን ያህል ቀይ ቅጠል አይተን አናውቅም፤ የእኛ አገር ዛፍ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል እንጂ እንዲህ አያምርም።

ዋናው አዳራሽ የቆመው በ16 ግዙፍ ግንዶች ላይ ነው። ዛፉ ሂባ ይባላል፤ የጥድ ዘመድ ነው። ዕድሜው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ መሆኑን ሲነግሩን ቀና ብለን አየን። ግንዶቹ እንደ ድንኳን ምሰሶ ከየአቅጣጫው ተነሥተው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። እነዚህ ዛፎች ችግኝ በነበሩበት ዘመን ይህ ቤት የተሠራለት የጨርቅ ጥበብ ገና አልተፈጠረም ነበር። ጥበቡ ተፈጥሮ፣ አብቦ፣ ጠፍቶ፣ ተረስቶ ካለቀ በኋላም ዛፎቹ አሉ። ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ ያስደነግጣል።

ከግንዶቹ ሥር ኪሞኖዎች ተሰቅለዋል። ኪሞኖ ልብስ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነዚህ ግን ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ ክንዳቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው በመስቀያ ላይ ቆመዋል። አንዱ ኪሞኖ ላይ የተጀመረው ኮረብታ በሚቀጥለው ላይ ያልቃል፣ የአንዱ ጭጋግ ወደ ሌላው ይሻገራል። ጥቂት ወደ ኋላ ብለው ቢያዩት በጨርቅ የተሠራ አገር ነው፤ ሐይቁ አለ፣ የበልግ ደን አለ፣ በረዶ አለ፣ ውጭ ደመና የከለከለን ፉጂም እዚሁ አለ። ቀለሙን እንዳንነግራችሁ ይህች በስቴንስል የምትባዛ መጽሔታችን ጥቁርና ነጭ ናት፤ ንጋት ሲቀድ ከሐምራዊ ወደ ብርቱካን የሚሄደውን ሰማይ እያንዳንዱ አንባቢ ከራሱ ትዝታ ያምጣ።

ወደ ጨርቁ ተጠግቶ ማየት ሌላ ነገር ነው። ከሩቅ የተራራ ጥላ የመሰለው ሁሉ ቅርብ ሲሆኑ እጥፋትና ጭምድድ ነው። በመርፌ ተሰፍቶ፣ ክሩ ተስቦ፣ ተቋጥሮ፣ ተነክሮ፣ እንደገና የተፈታ ጨርቅ ጠባሳ ነው። ከአራታችን አንዱ የሸማኔ ልጅ ነው። እሱ ተራራውንም ሐይቁንም ትቶ ጎንበስ ብሎ የልብሱን ጠርዝ በታች በኩል ሲመረምር ቆየ። ጣቱን ዘርጋ ሲያደርግ አንዲት ዘበኛ ወይዘሮ በጣም በትሕትና እጅ ነሥታ ከለከለችው። እሱም እጅ ነሣ። ሁለቱ ሲጎነባበሱ እኛ ሳቅን።

አሁን ወደ ጨርቁ ዘር ማንዘር እንግባ።

በጃፓን ከ15ኛው መቶ ዓመት ግድም እስከ 17ኛው መጀመሪያ ድረስ ትሱጂጋሃና የሚባል የማቅለም ጥበብ ነበር። ቃሉ በቁሙ «የመስቀለኛ መንገድ አበባ» ማለት ነው፤ ለምን እንደዚህ እንደ ተባለ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አይስማሙም። ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሐር ጨርቁ ላይ የሚፈለገው አበባ ወይም ቅጠል ዙሪያውን በመርፌና በክር ይሰፋል። ክሩ ተስቦ ሲጠብቅ ጨርቁ እንደ ከረጢት አፍ ይጨማደዳል። ቀለም እንዳይገባበት የተፈለገው ክፍል በቀርከሃ ቅርፊት ይሸፈንና ዙሪያው በክር ይጠፈራል። ከዚያ ይነከራል። ሲደርቅ ክሩ ተፈትቶ ጨርቁ ይዘረጋል፤ የተቋጠረው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ጠርዙም በቀለም ትንሽ ይደበዝዛል። በነጩ ላይ በቀጭን ብሩሽ የአበባው ሥር በቀለም ይጻፋል፤ ለጌታ ልብስ ከሆነ የወርቅ ቅጠልና የጥልፍ ሥራም ይጨመርበታል። ለሌላ ቀለም ደግሞ እንደገና መስፋት፣ መቋጠር፣ መንከር፣ መፍታት ነው።

ለማን ነበር ይህ ሁሉ ድካም? ከዘመኑ የቀሩት ዝነኛ ልብሶች የጦር አበጋዞች ናቸው። በ1598 የሞተው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ፣ በ1616 በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ ነግሠው ሳሉ የሞተው ቶኩጋዋ ኢየያሱ፣ ሁለቱም በዚህ ጥበብ የተቀለመ ልብስ ለብሰዋል። የባለ ልብሱን ስም እናውቃለን። መርፌውን የያዘችው ወይም የያዘው ማን እንደ ሆነ ግን ማንም አልጻፈም። ይህ በጃፓን ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ፤ የትኛውም ቤተ መዘክር ብትገቡ ከመስተዋቱ በታች የምታነቡት የለባሹን ስም ነው።

ልብሱ ባለቤቱ ሲሞት ለቤተ መቅደስ ይሰጥ ነበር። ካህናቱም እየቀደዱ የመሠዊያ ልብስና ባንዲራ ይሰፉበት ነበር። በዚህ ምክንያት ከትሱጂጋሃና የተረፈው ብዙው ሙሉ ልብስ ሳይሆን ቁራጭ ነው። በኋለኛው ዘመን ጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢዎች ደርሰው ቁራጩን በድጋሚ ቆራረጡት፤ ለአንዱ ይህች ታክል፣ ለሌላው ያቺን ታክል። እንዲያውም አንዳንድ ተመራማሪዎች ለእነዚህ ቁርጥራጮች ሁሉ ትሱጂጋሃና የሚለውን ስም አጥብቀው የለጠፉባቸው እነዚህ ሰብሳቢዎች ናቸው ይላሉ። ይህችን ነገር አትርሷት፤ እንመለስባታለን።

ጥበቡ የጠፋው በጦርነት ወይም በዐዋጅ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሚያዛኪ ዩዜን የሚባል የማራገቢያ ሠዓሊ በኪዮቶ ስሙ ገነነ፤ በእሱ ስም የሚጠራውም የማቅለም ዘዴ ተስፋፋ። ዩዜን በሩዝ ሊጥ የሚሠራ ነው። ሊጡ በቀጭኑ ጨርቁ ላይ ይሰመርና ቀለም እንዳይሻገር ያግዳል፤ ሠዓሊው በወረቀት ላይ እንደሚስል በሐር ላይ ይስላል። መስፋት የለም፣ መቋጠር የለም። የመርፌውና የክሩ ሥራ ማን ይፈልገዋል እንግዲህ? ፉጂ ለመጨረሻ ጊዜ እሳት የተፋው በ1707 ነው። በዚያን ጊዜ ትሱጂጋሃና ከገበያ ከወጣ ቆይቶ ነበር። ጥበብ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም። ማንም አልገደለውም፣ ማንም አላለቀሰለትም፤ ቀላል ነገር መጣና ቀረ።

ኢቺኩ ኩቦታ በ1917 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። በዐሥራ አራት ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ ለአንድ የዩዜን ባለሙያ ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባ። ይህ በ1931 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ከታሪክ ክፍል የመጣነው ሁለታችን ተያየን፤ ምክንያቱም በዚያው በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ገብተዋል። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የዚያ ዘመን ምሁሮቻችን ዐይናቸው ጃፓን ላይ ነበር። ሩስያን በ1905 ያሸነፈች፣ ንጉሠ ነገሥቷን ያልጣለች፣ ሃይማኖቷን ያልለወጠች፣ ግን ፋብሪካ ያቆመች አገር ሆና ታየቻቸው። «አሮጌውን ሳትጥል አዲሱን ያዘች» የሚለው አነጋገር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአፋችን አልወጣም።

ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ጃፓን ለኢትዮጵያ የላከችው ኪሞኖ አልነበረም፤ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲ ቀድሞ የአሜሪካ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን የጃፓን ጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ያዘው። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ቶዮዳ ሳኪቺ በ1924 ራሱን በራሱ የሚሠራ የሽመና መኪና አውጥቶ ነበር (ዛሬ መንገዳችንን የሞላው የቶዮታ መኪና የዚያ ሽመና ቤት ልጅ ነው)። በ1931 መጨረሻ ጃፓን ገንዘቧን ከወርቅ ስታላቅቅ የየን ዋጋ ወደቀ፤ ጨርቋም ረከሰ። በ1933 ጃፓን ጥጥ ጨርቅ ወደ ውጭ በመላክ እንግሊዝን ቀደመች። እንግዲህ አስቡት። አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ቶኪዮ ውስጥ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ሐር በእጅ መቀባት ሲማር፣ የአገሩ መኪናዎች የዓለምን ገበሬ የሚያለብስ ጨርቅ ሌትና ቀን ይተፋሉ። ሁለቱም ጃፓን ናቸው። የእኛ ሰዎች ያዩት አንደኛዋን ይመስለናል።

ኩቦታ ሃያ ዓመት ሲሆነው ዛሬ ቶኪዮ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ከሚባለው ቤት ገብቶ አንዲት የትሱጂጋሃና ቁራጭ አየ። ለሰዓታት ከፊቷ እንደ ቆመ ኋላ ራሱ ተናግሯል። የዩዜን ሙያ ያውቃል፤ እጁ ያውቃል፤ ይህ እንዴት እንደ ተሠራ ግን አልገባውም። የሚጠይቀው ሰውም የለም። የዩዜን ጌታው የዩዜን ጌታ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየች እራፊ ከመስተዋት ኋላ ተቀምጣ ታየዋለች፣ እሱም ያያታል። ያን ዕለት ሕይወቴን ለዚህ እሰጣለሁ አለ ይባላል። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ማለቱ አይገርመንም፤ እኛም በየሳምንቱ እንላለን። የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው።

ጦርነት መጣ። ኩቦታም እንደ ትውልዱ ሁሉ ወታደር ሆነ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ሶቪየት ኅብረት ወደ 600,000 የሚጠጉ የጃፓን ወታደሮችን ማርካ ወደ ሳይቤርያና ወደ ሌሎች የሥራ ሠፈሮች ወሰደች። ከእነሱ ውስጥ ከሃምሳ ሺህ የማያንሱ በብርድ፣ በረኀብና በበሽታ አለቁ። ኩቦታ ከተማረኩት አንዱ ነበር። በምርኮ ሳለ በየምሽቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለከት ነበር፤ ያ ቀለም ከዐይኑ አልወጣም። ከዓመታት በኋላ ከኪሞኖዎቹ በአንዱ ላይ ያችን የሳይቤርያ ጀምበር አኑሯታል። እኛ ግን ስለ ውበቷ ብዙ ልንናገር አንደፍርም። ጀምበሯን አብረው ሲያዩ ኖረው ያልተመለሱት ሌሎች ምርኮኞች ምን እንዳዩ የሚነግረን ጨርቅ የለም።

ሲመለስ ቶኪዮ ዐመድ ነበረች። እንጀራ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዩዜን ሠራ። ትሱጂጋሃናን ብሎ ሙሉ በሙሉ የተነሣው አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ሞከረ። ሃያ ዓመት! እኛ የአራት ዓመት ትምህርት ረዘመብን የምንል ነን።

ችግሩ ምን ነበር? ቁራጯን ያየ ሁሉ ስፌቱን ይቆጥራል፤ ቀለሙን ይገምታል። ያልተገመተው ጨርቁ ነው። የጥንቱ ትሱጂጋሃና የተሠራው ኔሪኑኪ በሚባል ሐር ላይ ነበር። የሐር ትል ክሩን ሲተፋ በተፈጥሮ ሙጫ ይለብጠዋል። በኔሪኑኪ ድሩ ሙጫው ያልወጣለት ጥሬ ሐር ነው፤ ማጉ ግን ተቀቅሎ ሙጫው የወጣለት ለስላሳ ሐር ነው። አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ልስልስ። በዚህ ምክንያት ጨርቁ ስስ ሆኖ ይጠነክራል፤ በክር ሲጨመደድ መጨማደዱን ይይዛል፣ ክሩ ሲስበው አይቀደድም። ይህን ጨርቅ የሚሠሩ ሸማኔዎች ከሞቱ ቆይተዋል። አቅላሚዎቹ ሲጠፉ ሸማኔዎቹም ጠፍተው ነበር። ይኸውም ኩቦታ አንድ የጠፋ ሙያ የሚፈልግ መስሎት ከሥሩ ሌላ የጠፋ ሙያ አገኘ። የሸማኔው ልጅ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «ዋናውማ እሱ ነው!» አለ፤ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ስላስተጋባ ሰዎች ዞር ብለው አዩን።

በመጨረሻ ኩቦታ ጥንቱን እንደ ነበረ ማድረግ እንደማይቻል አመነ። በዘመኑ የሚሸመነውንና ቺሪመን የሚባለውን ሸካራ ሐር ወሰደ። ከዕፅ የሚገኘውን የጥንት ቀለም ትቶ በፋብሪካ የተቀመመውን ተጠቀመ፤ በአንድ ጨርቅ ላይ ቀለም በቀለም ላይ ለመደራረብ ይህ ይሻል ነበርና። መስፋት፣ መቋጠር፣ መቀባት፣ በእንፋሎት ማጥበቅ፣ ማጠብ፣ መፍታት፣ እንደገና መስፋት። አንድ ኪሞኖ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የሠራውንም በደፈናው ትሱጂጋሃና አላለውም፤ «ኢቺኩ ትሱጂጋሃና» ብሎ ከስሙ ጋር አጣበቀው። በ1977 በቶኪዮ የመጀመሪያውን ትርኢት ሲያሳይ ስድሳ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝናው ፈጠነ። ፈረንሳይ በ1990 የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሰጠችው፤ በ1995 ደግሞ ኪሞኖዎቹ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው በስሚትሶንያን ቤተ መዘክር ታዩ።

ክርክራችን የጀመረው ከአዳራሹ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ ነው። (ሻዩ አረንጓዴና መራራ ነው፤ ስኳር ብንጠይቅ ነውር ይሆን ብለን ዝም አልን።) ከመካከላችን አንዱ፣ ያው ዳገቱ ላይ ያጉረመረመው፣ ይህ ትንሣኤ ሳይሆን ማጭበርበር ነው አለ። ጨርቁ የጥንቱ አይደለም፣ ቀለሙ የጥንቱ አይደለም፣ ጥንት ነጭ ቦታ ነበር እዚህ ግን መተንፈሻ የለም፣ ልብሱን የሚለብሰው ሰው እንኳ የለም። ታዲያ ምኑ ነው ከሞት የተነሣው? ስሙ ብቻ ነው አለ። ሌላው ጥንት የሚባለውም አንድ ቀን አዲስ ነበር ብሎ መለሰለት። ድምፃችን ከፍ ማለቱን ያወቅነው ሌሎቹ ጠጪዎች ሲያንሾካሹኩ ነው።

አብዛኞቻችን የደረስንበትን እንጻፍ። ተቃዋሚው ያነሣው ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። ቀደም ሲል አትርሷት ያልናችሁ ነገር እዚህ ላይ ትመጣለች። ሰብሳቢዎች ቁርጥራጩን ሰብስበው አንድ ስም ከሰጡት፣ ኩቦታ የተከተለው «ጥንታዊ ትሱጂጋሃና» ራሱ በከፊል የዘመናችን ሥራ ነው። ንጹሕ የሆነ፣ ያልተነካ ምንጭ አልነበረም ሊመለስበት። የነበረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ እንዴት ተሠራ የሚል። ጥያቄውን ደግሞ በመጽሐፍ ሊመልሰው አልቻለም፤ የሠሩት ሰዎች አልጻፉትምና። መዝገብ ቤት የጌታውን ስም ያስቀምጣል፣ የእጁን ዕውቀት ግን አያስቀምጥም። እጅ የሚያውቀውን የሚያወጣው እጅ ብቻ ሆነ፤ ሃያ ዓመት እያበላሸ። አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ በአርባ ሦስት ዓመቱ አንድ ነገር ሠርቶ «ይኸው የአባቶቻችን ጥበብ» ይል ነበር። ገበያውም ያምነው ነበር። ይህ ሰው ግን አልቻልኩም አለና የቻለውን በራሱ ስም ጠራ። በእኛ ትምህርት ቤት ማስረጃው ባዶ የሆነበትን ቦታ በግምት ሞልቶ ታሪክ ነው የሚል ስንቱን እናውቃለን፤ እኛም በፈተና ወረቀት ላይ ሳናደርገው አልቀረንም።

የጃፓንን ነገር በተመለከተም የምንለው አለን። «አሮጌውን ሳትጥል አዲሱን ያዘች» የሚለው አነጋገር ሐይቁ ዳር ስንደርስ አልቆመልንም። ጥላለች እንጂ፤ እንደ ማንኛውም አገር ጥላለች። የጣለችውም አሜሪካኖች ከመምጣታቸው በፊት፣ ደጇን ዘግታ ለብቻዋ በኖረችበት ዘመን ነው። አንድ ሰው ቆይቶ የወደቀውን ዐየና አጎንብሶ ሊያነሣው ሞከረ፤ ግማሹ በእጁ መጣ።

አዳራሹ ውስጥ ከፉጂ አካባቢ ያሉትን ወቅቶች የሚያሳየው ተከታታይ ሥራ «የብርሃን ሲምፎኒ» ይባላል። ኩቦታ ያሰበው ሰማንያ ኪሞኖ ጎን ለጎን ቆመው አንድ አገር እንዲሆኑ ነበር። በ2003 ሲሞት አላለቀም። መኸሩና ክረምቱ አሉ፤ የቀረው ቀርቷል። ልጁና ደቀ መዛሙርቱ ሥራውን ቀጥለዋል፤ ስብስቡን ኋላ አንድ የውጭ አገር ባለ ሀብት ገዝቶታል፤ ኪሞኖዎቹ ግን እዚያው ሐይቁ ዳር ቆይተዋል። ገንዘብ ያዳነውን ጥበብ እናወድስ ወይስ እንዘን በሚለው ላይ ሌላ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ አውቶቡሱ ስለ ደረሰ ሳያልቅ ቀረ።

ወደ ቶኪዮ ስንመለስ ጨልሞ ነበር። የሸማኔው ልጅ ከቤተ መዘክሩ የተሰጠንን ወረቀት ገልብጦ በጀርባው ላይ ይሥላል። ምን እንደሆነ ጠየቅነው። የአባቱ ሽመና ነው። አባቱ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሠራ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ነው ፊደል የቆጠረው። ቀሰም ሲያቀርብ ኖሯል፤ መወርወሪያ ግን አስይዞት አያውቅም። አባቱ «አንተ ተማር፤ እኔን የሰደቡኝን አንተን አይስደቡህ» ይለው ነበር። በሠፈራቸው ሸማኔን ምን ብለው እንደሚሰድቡ ታውቃላችሁ፤ አንጽፈውም። እሱም ተማረ፤ ይኸው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነው።

በየዕቃው ጎን ስሙን ይጽፍ ጀመር። ድር፣ ማግ፣ ቀሰም፣ መወርወሪያ። በእግር ሲረገጥ ድሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ገመድ ጋ ሲደርስ ቆመ። ስሙ ጠፋው። እኛን ጠየቀን፤ እኛ ከየት እናውቃለን? እስክሪብቶውን ይዞ ለረጅም ጊዜ አሰበና በቦታው ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ቤት እንደ ገባሁ አባባን እጠይቃቸዋለሁ አለ። ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።